ማህተም ላይ አልገባ ያለው ሎጎ

ባለፈው ክረምት እኛ ሎጎ ሠራን። “ሠራን” የሚለው ቃል እንኳ ይበዛብናል፤ ይሁን ግድ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት ጓደኛችን እናት ለዓመታት ለጎረቤትና ለዘመድ ሲያዘጋጁ የኖሩትን በርበሬና ሽሮ አሽገው ለሱቆች ሊያከፋፍሉ ተነሱ። ንግድ ፈቃድ ወጣ፣ ወፍጮ ቤቱ ተገኘ፣ ማሸጊያው ታሰበ። የቀረው ምልክት ብቻ ሆነ። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ። ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ መዋልን እንደ ሥራ የሚቆጥሩልን እናት ሲገኙ ማሳፈር አይሆንልንም። “እማማ፣ ለእሱስ ብር እንዳያወጡ፣ እኛ አለንልዎት” አልናቸው።

አንድ ምሽት በቃን። ሁለት ላፕቶፕ፣ ከአንዳችን ስልክ የተለቀቀ ኢንተርኔት፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና። ምስል ለሚፈጥረው ማሽን በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ትእዛዝ ጻፍንለት፦ የኢትዮጵያ ቅመም፣ ባህላዊ ሙቀጫ፣ ቅንጡ፣ ወርቃማ፣ እውነተኛ የሚመስል ሎጎ። አራት ምስል አመጣ። አራቱን ጥለን ሌላ አራት አዘዝን። እሱም አልሰለቸው፣ እኛም አልሰለቸን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ስንቆጥር ስልሳ ያህል ሎጎ ነበረን። ስልሳ! በዚህች አገር ስልሳ ሎጎ በአንድ ሌሊት የነበረው ማተሚያ ቤት ይኖር ይሆን?

የመረጥነው የወርቅ ሙቀጫ ነበር። ከነዘነዘናው። ከውስጡ ቀይ ዱቄት እንደ ጢስ ይተናል፣ ዙሪያውን የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ የመሰለ ሐረግ ይዞረዋል፣ ሁሉም ነገር ደግሞ ጥቁር የእንጨት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከላይ መብራት በርቶበታል። ጥላው ሳይቀር አለ። እውነተኛ ታፔላ በር ላይ ተሰቅሎ ሰው ሄዶ ፎቶ ያነሳው እንጂ ከአየር የተፈጠረ አይመስልም። እማማ ስልካችንን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና “ልጆቼ፣ ይሄማ የትልቅ ሆቴል ነው የሚመስለው” አሉ። መርቀውን፣ በላዩ ላይም ሽሮ አብልተው ሸኙን። ያቺ ሽሮ አሁን ድረስ ታስጨንቀናለች።

ማተሚያ ቤት ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ “ኦሪጅናሉ የታለ?” የሚል ሆነ። ያው ነው አልን። ምስሉ በቁመትም በወርድም 1024 ፒክስል ነበር። ለቴሌግራም መገለጫ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲዘረጋ ግን አንዷ ነጠብጣብ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች፤ ያ የሚያምር የወርቅ ጠርዝ የበላው ዛገት ይመስላል። ልጁ ትዕግሥተኛ ነበርና ወደ ቬክተር ልለውጠው ብሎ በኮምፒውተሩ ሞከረ። ቬክተር ማለት ምስሉ በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስሌት የተቀመጠ ማለት ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብትለጥጡት አይበላሽም። ፕሮግራሙ ሙቀጫችንን ሲያየው በመቶ የሚቆጠሩ ቁርጥራጭ ቅርጾች አድርጎ አስቀመጠው። ወርቅ የመሰለን ነገር ለካ የብዙ ቡናማና ቢጫ ጥርቅም ነው። “ለላስቲክ ማሸጊያው ስንት ከለር ነው?” አለን። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት ይሠራለታል፣ ለእያንዳንዱ ፕሌት ደግሞ ይከፈላል። ስንት ከለር እንደሆነ እንኳን እኛ፣ ማሽኑም የሚያውቅ አይመስለንም።

ማህተም ቤት ግን የባሰ ነበር። ለዚህ አገር ነጋዴ ማህተም ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ደረሰኝ ያለ እሱ ደረሰኝ አይደለም፣ ደብዳቤም ያለ እሱ ወረቀት ነው። ክብ ነው፣ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው። ባለ ማህተም ቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ጎማውን የሚቀርጸው ሌዘር ቢሆንም ዓይናቸው የድሮው የእጅ ቀራጭ ዓይን ነው። ስልኩን ተቀብለው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ መለሱልንና፦

“ልጆች፣ ይሄ ፎቶ ነው። ሎጎውስ?”

ምን ይመለሳል? “ጋሼ፣ ሎጎው እሱ ነው” አልን። “እሱማ የሎጎ ፎቶ ነው” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። 

እቤት ስንመለስ ነገሩ ገባን። ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። “እውነተኛ የሚመስል” አልነው፤ እሱም እውነተኛ ታፔላ የሚመስል ፎቶ ሠራልን። ዲዛይነሮች ይህን ሞክአፕ ይሉታል፤ ሎጎው ካለቀ በኋላ ኩባያ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ካርቶን ላይ ቢሆን ምን እንደሚመስል ለደንበኛ ማሳያ ነው። እኛ ማሳያውን አገኘን፤ የሚታየው ነገር ግን ገና አልተሠራም። ሙሽራ ሳትኖር የሠርግ አልበም እንደ ማሳተም በሉት። ከዚህ ሁሉ የሚገርመን ደግሞ ብርሃኑና ጥላው ባይኖሩ ኖሮ ያን ሙቀጫ አንመርጠውም ነበር። የማረከን መብራቱ ነው።

ፊደል ገበታ ላይ የሌለ ፊደል

ስሙን ደግሞ አልነገርናችሁም። ከሙቀጫው ሥር “ባልትና” የሚል ጽሑፍ እንዲገባ ጠይቀን ነበር። ማሽኑ ባ፣ ል፣ ት ድረስ ደህና ሄደና “ና” ላይ ሲደርስ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ባርኔጣ ደፋበት። ደግመን ስናዘው ባርኔጣው ወረደና “ል” በተራዋ ሦስተኛ እግር አበቀለች። “በርበሬ” የሚለውን “በርበፊ” ብሎ የሰጠን ጊዜ ሳቅን። ሌላ ጊዜ ያመጣልን ደግሞ ግማሹ ግዕዝ ግማሹ የአርመን ፊደል የሚመስል ነበር። ለማያነበው ሰው ግን ሁሉም ፍጹም አማርኛ ይመስላል። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እነዚህ ማሽኖች ማንበብ ተምረው አይደለም የሚጽፉት። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ምስሎችን ከሥራቸው ከተጻፈው መግለጫ ጋር አይተዋል። ለምሳሌ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ የለቀቁት ላዮን-5ቢ የሚባል ስብስብ 5.85 ቢሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንድ አገናኞች አሉት። ብዙዎቹ ማሽኖች ሥዕል የሚጀምሩት ሥርጭት እንደሌለው ቴሌቪዥን ከሚንጫጫ ነጠብጣብ ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ከቃላቱ ጋር ወደሚስማማ ምስል ያደርሱታል። ፊደል ለእነሱ እንደ ቅጠል፣ እንደ ፀጉር አንድ ቅርጽ ነው። የላቲን ፊደል በየምስሉ ሞልቶ ስለሚያዩት እየጎበዙበት መጥተዋል፤ አይዲዮግራም እ.ኤ.አ. በ2023፣ የቻትጂፒቲው አዲስ ምስል ፈጣሪ ደግሞ በመጋቢት 2025 ሲወጡ አንዱ መኩሪያቸው ጽሑፍን በትክክል ማስገባታቸው ነበር። የእኛው ፊደል ግን 33ቱ ብቻ በሰባት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ “ለ”ን ከ“ሉ” የሚለያት ደግሞ አንዲት ጭረት ናት። ያቺን ጭረት ለማያነብ ዓይን ማሳየት ከባድ ነው። 

እውነቱን ለመናገር ፊደላችንን በማበላሸት ማሽኑ የመጀመሪያው አይደለም። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ዛሬም ስንት ማተሚያ ቤት በዩኒኮድ የጻፋችሁትን ስትልኩለት ካልተለቀመልኝ ብሎ በድሮው ፕሮግራም እንደገና ያስለቅመዋል። ስሕተቱ የሚገባው ያኔ ነው። የከተማችንን ታፔላዎች እያነበበ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሳይስቅ ቤቱ አይገባም። ልዩነቱ፣ ታፔላ ጸሐፊው ሲሳሳት ትጠሩትና ያርመዋል። ማሽኑን “እሷን እግር ብቻ አውልቅልኝ” ስትሉት እግሯን ያወልቅና ሙቀጫውን ጀበና ያደርግላችኋል።

የጀበናው ነገር ሌላው ጉድ ነው። “ኢትዮጵያዊ” የሚል ቃል ትእዛዙ ውስጥ በገባ ቁጥር የሚመጣው ይታወቃል፦ ጀበና፣ አንበሳ፣ መስቀል፣ ሦስቱ ቀለማት፣ ወርቅ። ለልብስ ሰፊ ብትጠይቁትም አንበሳ፣ ለጥርስ ሐኪም ብትጠይቁትም አንበሳ። (ጥርስ ያለው አንበሳ ቢያደርገው እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ አፉን ዘግቶ ነው የሚያመጣው።) ማሽኑ ስለ እኛ የሚያውቀው ሰው ስለ እኛ ደጋግሞ የለጠፈውን ነው። ቱሪስት ያነሳውን ፎቶ፣ የሬስቶራንት ሜኑ፣ የፖስታ ካርድ። የዚያን ሁሉ አማካይ አውጥቶ መልሶ ለእኛው ይሸጥልናል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከመካከላችን አንዷ ሰፈሯ ያለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ የሽሮ እሽግ አይታ ፎቶ ላከችልን። የወርቅ ሙቀጫ። ከነዘነዘናው፣ ከነሐረጉ። የእኛ አይደለም። ዘነዘናው በግራ ነው፣ የእኛ በቀኝ ነበር። ማን ከማን ሰረቀ? ማንም። እነሱም አንድ ምሽት ቡና ይዘው ተቀምጠው ያንኑ ጥያቄ ያንኑ ማሽን ጠይቀውታል፤ ያንኑ መልስ አግኝተዋል። እኛ መጀመሪያ ተናደድን። ቀጥሎ በምን መብታችን እንደተናደድን ለማወቅ ሕጉን ከፈትን።

የማን ነው?

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን የሚተረጉመው ያምራል ወይስ አያምርም በሚል አይደለም። የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ሰው ለመለየት የሚያስችል በዓይን የሚታይ ምልክት ነው የሚለው። መለየት። ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው። ምልክቱን ማን ሣለው፣ በእጅ ነው በማሽን የሚለው ዋናው ጥያቄ አይደለም። ባለቤትነቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ተቃዋሚ ካለ ይምጣ ተብሎ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከተመዘገበ በኋላ ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። እንግዲህ አስቡት። ሁለት የወርቅ ሙቀጫ ይዘን ብንቀርብ፣ አንደኛችን ቀድመን ብናስመዘግብ፣ ሌላኛችን ማሸጊያ ያሳተምንበትን ገንዘብ አፈር አስበላነው ማለት ነው። ደግሞ ሦስተኛው ሙቀጫ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

የቅጂ መብቱ መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 “የሥራ አመንጪ” የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። አሥራ አምስት ቃል የጻፍን እኛ ሙቀጫውን በአእምሯችን ፈጠርነው እንበል? አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ጀምሯል። የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ አሁን ባሉት ማሽኖች ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን የሥራው አመንጪ አያሰኝም ብሏል፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቅጂ መብት አመንጪው ሰው መሆን አለበት ሲል ወስኗል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሬስቶራንት የከፈታችሁ ወገኖቻችን ይህ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል፤ ከማሽን እንዳለ የወሰዳችሁትን አንበሳ ጎረቤታችሁ ቢወስደው በቅጂ መብት ለመክሰስ መሬቱ ይንሸራተታል።

የምልክት ዋጋ የሥዕሉ ማማር እንዳልሆነ ይህች አገር ከሌሎች በተሻለ ታውቀዋለች ብንል ማጋነን አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ከስታርባክስ ጋር ደረሰና ዓለም አወራው፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ትግል ለሥዕል አልነበረም። የቃል ትግል ነበር። በቃሉ ውስጥ ያለው ደግሞ ገበሬው ነው። አንበሳ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከራከረንም ነበር፤ አንበሳ ሁሉም ጋ አለ።

አሁን ወደ ኋላ እንመለሳለን ወዳልንላችሁ ነገር። “ለማያነበው ሰው ፍጹም አማርኛ ይመስላል” ብለን ነበር። መምሰል የሚለው ቃል እዚህ ላይ መቀለጃ መሆኑ ያበቃል።

ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ሰነድ ማጣራት የተነገረን ነገር ነበር፦ ራስጌውን እዩ፣ ቁጥሩን እዩ፣ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ ማህተሙን። ለዚያ ዘመን ጥሩ ትምህርት ነበር። በዚሁ ክረምት አንዲት የምናውቃት ልጅ በቴሌግራም የደረሳትን የሥራ ማስታወቂያ አሳየችን። ባሕረ ሰላጤው አገር ካለ ሆቴል የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ነው። ሎጎው ከላይ፣ የሆቴሉ መግቢያ ፎቶ ከነታፔላው፣ ክብ ማህተም ከሥር። “ለቪዛ ማስጀመሪያ” ተብሎ በቴሌብር የሚላክ ገንዘብ ተጠይቃለች። ደብዳቤው ያምር ነበር፤ በጣም ያምር ነበር። ያሳበቀው አረብኛው ነው። ሎጎው ላይ ያለውን የአረብኛ ጽሑፍ አንድ እዚያ አገር ኖራ የተመለሰች ዘመዷ ልታነበው ሞክራ “ይሄ ምንም አይልም” አለች። ፊደል የሚመስል ነገር እንጂ ፊደል አልነበረም። እንደ እኛ “ና” ባርኔጣ ደፍቷል።

ልጅቷ ገንዘቧ ተረፈ። ግን ይህን ደኅንነት የሰጣት የማሽኑ ድክመት ነው፤ ያ ድክመት ደግሞ በየወሩ እየጠበበ ነው። ዘንድሮ የቆመውን አረብኛ ነገ ያነቡታል። ታዲያ እኛ ሰዎችን “ፊደሉን አይታችሁ ለዩ” ብለን ልንመክር ነው? ይህን ምክር ከአሁን በኋላ አንሰጥም። ኩባንያዎቹ ምስሎቻቸው ላይ የማይታይ ምልክት እናስገባለን ይላሉ፤ ጉግል ሲንትአይዲ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2023 አስተዋውቋል፣ ኦፕንኤአይም ከ2024 ጀምሮ የምስሉን አመጣጥ የሚናገር መረጃ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ነገር ግን ይኸኛው መረጃ ስክሪንሾት ሲነሳ ይጠፋል፣ ማኅበራዊ ገጾች ላይ ሲጫንም ብዙ ጊዜ ይገፈፋል። የእኛ አገር ሰነድ ደግሞ የሚዞረው በስክሪንሾት ስክሪንሾት ነው። እንግዲህ የሚቀረው የድሮው ሥራ ነው፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ስልክ አይደለም፤ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን።

ማሽኑ የሰው ማህተም መስረቁ ደግሞ ሆን ተብሎ ብቻ አይደለም። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የፎቶ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስታቢሊቲ ኤአይን ሲከስስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ ማሽኑ በሚያወጣቸው ምስሎች ላይ የጌቲ የውሃ ማህተም ተንጋዶ መታየቱ ነበር። ማሽኑ ማህተሙን የሥዕሉ አካል መስሎት አብሮ ተምሮታል! የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 2025 የቅጂ መብቱን ክስ ባይቀበልም፣ በዚህች በማህተሟ ጉዳይ ግን በጠባቡም ቢሆን ለጌቲ ፈርዷል። 

“ታዲያ አትጠቀሙ ልትሉን ነው?” የምትሉ አላችሁ። አይደለም። ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ለከፈተ ወጣት ሎጎ ላይ ብዙ ሺህ ብር አውጣ ማለት ቅንጦት ነው፤ ይህን የሚሉ ሰዎች ኪራይ ከፍለው የሚያውቁ አይመስሉንም። ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነውም አንልም። የናይኪን ጭረት እ.ኤ.አ. በ1971 የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ የተከፈላትም 35 ዶላር ነው። (በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ድርጅቱ አክሲዮን ሰጥቷታል፤ ዕዳውን አልረሳም።) አቋማችን ይህ ነው፦ ማሽኑ ለረቂቅ ይሁን። ሐሳብ መፈለጊያ፣ “እንዲህ ያለ ነገር” ብሎ ማሳያ። ስማችሁን፣ ማህተማችሁን፣ ሰው እናንተን የሚያምንበትን ነገር ግን እንዳለ ከሱ አትውሰዱ። ቢያንስ አንድ ሰው፣ ፊደል የሚያነብ ሰው፣ በእጁ ይንካው።

እኛ በመጨረሻ የሄድነው ከመጀመሪያ ልንሄድባት ወደሚገባን ዲዛይነር ጓደኛችን ዘንድ ነው። ያልሄድነው እንዳናስቸግራት ነበር፤ ማለትም እንዳንከፍላት። ወርቃማውን ስናሳያት አልሳቀችም። “በዚህ ክረምት ስንተኛው ሙቀጫ እንደሆነ ታውቃላችሁ?” አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከትንንሽ ሱቆች የምታገኘው ሥራ የቤት ኪራይዋን ይችልላት ነበር። አሁን የሚመጡላት አብዛኞቹ እንደ እኛ ያሉ ናቸው፤ ያለቀ ምስል ይዘው “ይቺን ብቻ አስተካክይልን” የሚሉ። ማስተካከሉ ከመሥራቱ ይከብዳል፣ የሚከፈለው ግን የማስተካከያ ነው። እሷም ማሽኑን ትጠቀማለች፤ ጀርባ ለማጥፋት፣ ለደንበኛ የስሜት ማሳያ ለማቅረብ። ጠላትነት የላትም። የምትጠላው “አምስት ደቂቃ ነው እኮ የሚፈጅብሽ” የሚለውን አነጋገር ነው። ይህን ብለናት ስለምናውቅ አቀረቀርን።

8 ሺህ ብር ተስማማን፤ ግማሹን ቀብድ። ኮምፒውተሯን ሳትከፍት እማማ ቤት እንሂድ አለች። ሄደን ቡና እየተጠጣ ትጠይቃቸው ጀመር። ስለ ሎጎ ምንም አልጠየቀቻቸውም። በርበሬውን ከየት እንደሚያመጡ፣ ማን እንደሚቀነጥስ፣ ሰው ለምን የእርስዎን እንደሚፈልግ። እማማ ደስ ብሏቸው አወሩ። ከጨዋታው መሃል “እኔ ሦስት ጊዜ ነው የምነፋው፤ ሌላው አንድ ጊዜ ነፍቶ ይሸጣል” አሉ። ጓደኛችን ቀና አለች። “በምንድን ነው የሚነፉት?” ወንፊቱን አመጡላት። አሮጌ፣ ጠርዙ በጨርቅ የተጠገነ ወንፊት ነው። ፎቶ አነሳችው፣ በእጇም ነደፈችው።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ውጤቱ አንድ ክብ ነው፤ ውስጡ የወንፊት ክሮች በአግድምና በቁም ይሻገራሉ፤ የስሙን ፊደላት በእጇ ስላቸዋለች፣ እግራቸውም ባርኔጣቸውም በልኩ ነው። ቀለሙ አንድ ነው፣ ቀይ፤ ማህተም ላይ ሲሆን ሰማያዊ። ወንፊት ክብ ነውና ማህተሙ ውስጥ ልክ ብሎ ገባ። ጋሼ ሲያዩት “አሁን ሎጎ አመጣችሁ” አላሉም፤ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ሠርተው “ሐሙስ ውሰዱ” አሉን። ማሸጊያው በአንድ ፕሌት ታተመ፤ ከዚያ ያተረፍነው ለዲዛይኑ ከከፈልነው ብዙም አይርቅም ነበር።

እማማ ግን አልወደዱትም። “ወንፊት? ወንፊት ደግሞ ምን ያምራል? ያ ወርቁስ የት ሄደ?” አሉ። አስረዳናቸው፤ ስለ ፕሌቱም፣ ስለ ሌላው ሙቀጫም፣ ስለ ሕጉም። ሰምተው ሲያበቁ “እናንተ ካላችሁ” አሉ፤ እናንተ ካላችሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ለምዝገባ ማመልከቻ የሚሆነውን ቅጂ ልናደርስ ቤታቸው ስንሄድ፣ የወርቁን ሙቀጫ ሠላሳ በአርባ አሳትመው፣ መስታወት አስገብተው፣ ሳሎን ከልጃቸው የምረቃ ፎቶ ጎን ሰቅለውታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። “ና” ላይ ባርኔጣው እንዳለ ነው።